ጋሽ ፍሬን

ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል። ሰፈሩ «ጋሽ ፍሬን» ይለዋል፤ ስሙ የወጣለት በሚስቱ ወሬ ነው። ሊያሸልበው ሲል ቀኝ እግሩ ፍሬን እንደሚረግጥ ድንገት ይፈናጠርና አጠገቡ የተኛችውን ሚስቱን ቅልጥሟን ይላታል።

«ደግሞ ማንን ልትገጭ ነበር?» ትለዋለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

«አንዲት ነገረኛ ሴትዮ መሀል መንገድ ላይ ቆማ።»

«ገጭተሃት በተገላገልክ!»

ስቀው ይተኛሉ። ጠዋት ቧንቧ ጋ ውሃ ስትቀዳ ለጎረቤቶቿ ታወራዋለች፤ ስሙም በዚያው ጸደቀ።

ኋላ እሷ ታመመች። በሽታው አጥንቷ ውስጥ ገብቶ አንሶላ ሲነካት እንኳ ያማት ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጎኗ ጋደም እንዳለ እግሩ ተፈናጠረ። ያን ቀን አልቀለደችም። ጩኸቷ እንዳይሰማ የትራሱን ጫፍ ነከሰች።

እሱ ብርድ ልብሱን ይዞ ሳሎን ወጣ። ከዚያ ወዲያ ሶፋው ላይ መተኛት ጀመረ። ለምን እንደሆነ አልነገራትም። ቢነግራት «ግድ የለም፣ ና» እንደምትለው ያውቃል። «ዝም አይነቅዝም» ማለት የሚወድ ሰው ነው፤ የእሱ ዝምታ ግን ነቀዘ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ልጃቸው ሰሃን እያጠበች፣ ፊቱን ሳታይ፣ «አባዬ፣ እማዬ እኮ ታለቅሳለች» አለችው።

«አመማት?»

«የመድኃኒቱ ሽታ አስጠልቶት ነው የሸሸኝ ትላለች። አልፈርድበትም ትላለች።»

መድኃኒቷን ሊያመጣ ጤና ጣቢያ ሲሄድ እንደምንም ደፍሮ የእግሩን ነገር ለነርሷ ነገራት። ነርሷ ሳቀች።

«አባቴ፣ ይሄ በሽታ አይደለም። ሰው እንቅልፍ ሊወስደው ሲል ሰውነቱ እንዲህ ይደነግጣል፤ እኔንም ያደርገኛል። መሀላችሁ ወፍራም ትራስ ጣል ያድርጉ፣ አለቀ።»

አንድ ትራስ! ገዝቶ እየሮጠ መጣ። ልጅቷ አልጋው ላይ ከእናቷ ጎን እንቅልፍ ጥሏታል።

«የሸሸሁት እግሬን ፈርቼ ነው» አላት ሚስቱን፣ በሩ ላይ እንደቆመ። «እንዳልመታሽ።»

«ቂል» አለችው። «ይቺን ለመናገር አምስት ሳምንት?»

«ልቀስቅሳት? ልምጣ?»

«ተዋት፣ በእኔ የተነሳ እንቅልፍ አጥታ ነው የከረመችው። ነገ ትመጣለህ።»

በነጋው ሰው መለየት አቆመች። ልጅቷ ቦታውን ለቃለት ወጣች። ትራሱን መሀል አድርጎ ከጎኗ ተጋደመ።

«እስቲ ስደቢኝ» አላት ቀስ ብሎ።

ትንፋሿ ብቻ ይሰማል። አንድ ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ከጎኗ ቆየ። ያረፈችውም እዚያው ነው። እስከዚያ ሰዓት ድረስ እንቅልፍ የሚባል በዓይኑ አልዞረም።