ጥርሴ የወለቀበት ፊልም

የፊት ጥርሴ የት እንደገባ ንገሪን እያሉ የልጅ ልጆቼ ያስቸግሩኛል። ትንሿማ «ሆኪ ስትጫወቺ ነው?» ትለኛለች። ጥርሴ የወለቀው ፊልም ለማየት ሄጄ ነው።

አሜሪካ፣ አፕል ቫሊ የሚባል ከተማ ልጄ ቤት የገባሁ ሰሞን እግሬ አላስቀምጥ ብሎኝ በረዶም ቢሆን ሰፈሩን ስዞር እውል ነበር። እንደኔው የምትዞር አንዲት ህንዳዊት አሮጊት አገኘሁ፤ ከወንድ ልጇ ጋር ነው የምትኖረው። እኔ በአማርኛ፣ እሷ በቋንቋዋ፣ አንግባባም። ግን ክንዷን ይዤ ሁለት ዊንተር በረዶው ላይ ዞርን።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የፊልም ትኬት ይዛ በራችን ላይ ቆመች። ትልቋ የልጅ ልጄ ድራይቭ አድርጋ ወሰደችን። «እማማ፣ ፊልሙ በሳንስክሪት ነው። እነሱም ቤታቸው አይናገሩትም፣ እንደ ግዕዝ በይው» አለችኝ። እንደ ግዕዝ ከሆነማ ብዬ አዳራሹ በር ላይ ጫማዬን አወለቅሁ። ልጅቷ በሃፍረት ልትሞት! ጓደኛዬ ግን አየት አደረገችኝና የሷንም አወለቀች።

ፊልሙ ስለ አንድ የጥንት ባለቅኔ ነው፤ ፊታቸውን አረንጓዴ ተቀብተው በእጅ ምልክት እየተናገሩ ለሚጨፍሩ ሰዎች ድርሰት የሚጽፍ። ከሥር ያለውን ጽሑፍ ማንበብ አልችልም፤ ዱላ ግን አስተርጓሚ አይፈልግም። የገዛ ወንድሙ ቤት ቆልፎበት ይገርፈዋል። ምላሱን ይቆርጠዋል። እንግዶች ሲመጡ ባለቅኔው ደሙን እየዋጠ በጣቶቹ ድረሱልኝ ይላል፤ እነሱ ጭፈራ መስሏቸው ያጨበጭባሉ። ዞር ስል ጓደኛዬም ጭኗ ላይ ጣቶቿን እንደሱ ታንቀሳቅሳለች። ጭፈራውን ብታውቀው ነው ብዬ «ጎበዝ!» አልኳት፤ ጉልበቷንም ቸብ ቸብ አደረግሁላት።

እንግዶቹ ሲወጡ ወንድምየው የባለቅኔውን ጣቶች ድንጋይ ላይ ዘርግቶ በመዶሻ አንድ በአንድ ሰበራቸው። ቀጭ! ቀጭ! አልቻልኩም። ብድግ ብዬ «ኧረ በሕግ አምላክ!» ብዬ ጮህኩ።

እኛ ሰፈር እንዲህ ከተባለ የተነሣ ዱላ አየር ላይ ይቀራል። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ቀን በፍልጥ ጭንቅላቴን ሊለኝ ሲል አንዲት መንገደኛ ሴት እንዲህ ብላበት ነው የተረፍኩት። ፍልጡን ጥሎ ወጣ።

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። «እማማ ቁጭ በይ! ፊልም እኮ ነው!» ልጅቷ ቀሚሴን ጎተተችኝ። ጓደኛዬ ብቻ አልሳቀችም።

ስንወጣ የጓደኛዬ ወንድ ልጅ በር ላይ ቆሟል። ለካ ሳትነግረው ነው የወጣችው። ጫማዋን እንኳን ሳታጠልቅ ጸጉሯን ጠምጥሞ ይዞ በባዶ እግሯ ፓርኪንጉን አቋርጦ ጎተታት። ፊቷን ከመኪናው በር ጋር አጋጨው። ደገመው። ደሟ በረዶው ላይ ተረጨ።

«በሕግ አምላክ!» አልኩት።

እጁ አልቆመም። ማን ነግሮት ያውቃል! ክንዱ ላይ ተንጠለጠልኩ። በክርኑ አፌን አለኝና ወደቅሁ፤ ጥርሴን ከነደሙ ተፋሁት። የልጅ ልጄ እየጮኸች ፖሊስ ጠራች፣ ሰዉም ግር ብሎ ያዘው። ጓደኛዬ አጠገቤ ወድቃ እጅጌዋ ተገልብጦ ነበር። ከክርኗ በላይ ቆዳዋ በጋለ ብረት ተተኩሶ ተተኩሶ የደረቀ ነው። ሁለት ዊንተር የያዝኩት ክንድ።

ልጁን ወሰዱት። እሷን ዉድበሪ የሚባል ሌላ ከተማ ያለች ሴት ልጇ በዚያው ቀን ወሰደቻት፤ እስክትሞት እዚያው ኖረች። በስልክ እንዳንነጋገር ቋንቋ የለን፤ እየሄድኩ አጠገቧ ቁጭ እል ነበር።

ከሞተች በኋላ ሴት ልጇ ልትጠይቀኝ መጣች። በልጅ ልጄ አፍ እንዲህ አልኳት፦ «እናትሽ አንድ ቀን ፊልም አይታ ልትደሰት ብትወጣ በደም ተመለሰች።»

 ሴትየዋ ያኔ ነገረችኝ። ፊልሙን እናቷ ከዚያ በፊት አይታው ነበር። በወንድ ልጇ ላይ አፏን ከፍታ መናገር አልሆን ቢላት፣ ከኔ አንድ ሳምንት ቀድማ እሷን፣ ሴት ልጇን፣ ይዛት ሄዳ አጠገቧ እንደ ባለቅኔው ጣቶቿን ስታንቀሳቅስ ነበር።

«ቆንጆ ፊልም ነው አልኳትና» አለችኝ፣ «ወስጄ ወንድሜ በር ላይ አወረድኳት።»