አሥራ አንድ ሺህ ካርድ በአንድ ፍላሽ

በክሊኒኩ ካርድ ክፍል አሥራ አራት ዓመት የሠራችውን ሴት በስሟ የሚጠራት የለም፤ «እመት ካርድ» ነው የሚሏት። ቁጥሩን የጣለ በሽተኛ በመጣ ቁጥር መሰላል ወጥታ፣ አቧራ ውጣ፣ ካርዱን ፈልጋ ታወርዳለች። አንድም ካርድ ግን ከዚያ በር አልፎ አያውቅም። አንድ ቀን ሐኪሙ ካርድ በብብቱ ይዞ ሊወጣ ሲል፣ «ዶክተር፣ እርስዎ ይሂዱ፤ ካርዱ ይቀራል» ብላ መልሳዋለች።

ጉልበቷ መሰላሉን እምቢ ማለት ሲጀምር ፕሮግራም መጻፍ ተማረች። አስተማሪ አልነበራትም። ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ የክፍሉን አሮጌ ኮምፒውተር ታስነሳና ያልገባትን በተሰረዘ ፎርም ጀርባ ላይ እየጻፈች፣ እያጠፋች፣ እንደገና እየጻፈች ትለማመዳለች። እንዲህ አራት ዓመት ሄደ። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ፣ «ሰው ባል ያገባል፤ አንቺ ኮምፒውተር አገባሽ። እሱም እንደ ባል ነው፣ ሲጠሩት አይሰማም» ትላታለች።

በመጨረሻ ስም ሲጻፍለት ካርዱን ከነመደርደሪያው የሚያሳይ ፕሮግራም ሠራች። በካርዶቹ ላይ ያለውን አንድ በአንድ ያስገባችውም ራሷ ናት።

ከዚያ ሥራ ፍለጋ ጀመረች። ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው የማንን በር እንደሚያንኳኳ የሚነግራት አልነበረም። ሦስት ድርጅቶች ዲግሪ ጠየቋት። አራተኛው፣ «የሠሩትን ይዘው ይምጡ» አላት። ይህም ካልሆነ መሰላሉ ላይ እንደምታረጅ ታውቃለች። የሠራችውን በፍላሽ ገልብጣ ይዛ ሄደች።

ፈታኙ በዕድሜ የሚያንሳት፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር።

«እስቲ አንድ ስም ይጻፉ።»

ጻፈች። ካርዱ ወዲያው ብቅ አለ፤ የአንዲት በሽተኛ ስም፣ ሰፈሯ፣ ሕመሟ። ፈታኙ ፈገግ አለ። ከዚያ ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋ።

«እኚህ ሴት የእውነት አሉ?»

«አሉ። ባለፈው ማክሰኞ መጥተው ነበር፤ ተሽሏቸዋል» አለች፣ ደስ የሚለው መስሏት።

«ስንት ሰው ነው እዚህ ውስጥ ያለው?»

«አሥራ አንድ ሺህ ገደማ።»

ሰውየው ስክሪኑን ሌላ ሰው እንዳያየው ወደ ግድግዳው አዞረው። «ይህንን ከክሊኒኩ ማውጣት አልነበረብዎትም። ለማሳያ የሌለ ሰው ነው የሚፈጠረው። ማንም አልነገረዎትም?»

ማን ይነግራታል? ፊቷ ጋለ። ሐኪሙን ከበር የመለሰችው ሴት አሥራ አንድ ሺህ በሽተኛ በቦርሳዋ ይዛ፣ በአውቶቡስ ተጋፍታ መምጣቷ ገና አሁን ታያት። እዚያው፣ እሱ እያየ፣ ካርዶቹን ከፍላሹ አጠፋቻቸው።

«ለኃላፊዎ ራስዎ ይንገሩ» አለ ሰውየው። «የፕሮግራመሩን ቦታ ዛሬ ልሰጥዎት አልችልም። ግን ሌሎች የሠሩትን እየሞከረ ስህተት የሚያወጣ ሰው እንፈልጋለን። ይህንኑ ፕሮግራም በሁለት መቶ የሌሉ ሰዎች ሞልተው ዓርብ ይምጡ፤ ያኔ እንነጋገራለን።»

በማግስቱ ለክሊኒኩ ኃላፊ ነገረችው። ኃላፊው ከሚፈርምበት ወረቀት ቀና ሳይል፣ «ካርዶቹ ቦታቸው ላይ አይደሉ እንዴ?» አላት። ናቸው አለች። «ታዲያ ምን ወጣ?» ለማስረዳት ሞከረች፤ አልገባውም። እሷም ደከማት።

ማታ ራት እንደበሉ፣ ከሰው በተዋሰችው ላፕቶፕ ፊት ደርቃ ተቀምጣ እህቷ አገኘቻት።

«ደግሞ ማንን እያከምሽ ነው?»

«የሌሉ ሰዎችን።»

«ያሉት አንሰውሽ?» እህቷ ጎንበስ ብላ አነበበች። «ይሄ ጉንፋን፣ ይቺ ጉንፋን፣ ይሄም ጉንፋን። ጫን በዪባቸው እንጂ!»

«አልሆንልኝ አለ እትዬ። ምን አድርገውኝ?»

እህቷ ሳቀችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ለዓርብ ሦስት ቀን ቀርቷል፤ የተፈጠሩት ገና አሥራ ዘጠኝ ናቸው።

«በይ ሃያኛዋን እኔ ልታመምልሽ። ስኳሬንም ደም ግፊቴንም ጻፊው፤ ስሜን ብቻ ለውጪው።»

እጇ ወደ ፊደሎቹ ሄዶ፣ ቆመ።

«አይሆንም እትዬ» አለች። «አንቺ አለሽ።»