የእኔ ድርሻ ሁለት ነጥብ

ባሌ ቁም ጸሐፊ ነበር። ከጋፋት በላይ ባለችው ቤታችን ብራና ዘርግቶ ዳዊት ሲጽፍ፣ ቃልን ከቃል የሚለየውን ሁለት ነጥብ ለእኔ ይተውልኛል። ሌላው ጸሐፊ እየጻፈ ነጥቡንም አብሮ ያኖራል፤ የእኔው ሰው ግን እጁ አንዴ ከሄደ መቆም አይወድም። ጠባብ ክፍተት እየተወ ገጹን ይጨርስና፣

"ነይ፣ አጥርሽን እጠሪ" ይለኛል።

"አጥር የወንድ ሥራ ነው፤ ቢሰንፉ ነው እንጂ" እለዋለሁ።

የቄስ ልጅ ነኝ፤ ግእዙን ባልተረጉመውም ዳዊቱን በቃሌ አውቀዋለሁ። በለሆሳስ እያነበነብሁ ምላሴ ባረፈበት ነጥቤን አኖራለሁ። መዝጊያው አራት ነጥብ ግን የእሱ ነው፤ አያስነካኝም።

ጣሊያን ደብረ ታቦር ገብቶ ሲደላደል ባሌ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ጉና ወጣ። የመጨረሻዎቹን ገጾች በችኮላ፣ ክፍተት እንኳ ሳይተው ጽፎ፣ "ስመለስ አብረን እንጨርሰዋለን" ብሎኝ ሄደ። እኔም ሳልነካቸው አስቀመጥኋቸው። ነጥቡ ካለቀ አብረን የምንጨርሰው ነገር የለንማ። ጎረቤቱ ባንዳ ያየናል ብሎ ደጄን መርገጥ ተወ። ብርዑን አነሣና መልሼ አኖረዋለሁ። የሚያዘኝ ሰው ናፈቀኝ።

ክረምቱ ሲወጣ የንስሐ አባታችን መጡ። ከጉና የወረደ ሰው የባሌን ሞት ነግሯቸው ነበር። የት እንደተቀበረ ግን የሚያውቅ የለም። ለቅሶዬ ጋብ ሲል፣

"በተዝካሩ ዳዊት ይደገምለት፤ በገዛ እጁ የጻፈው ይሁን" አሉኝ። የመጨረሻዎቹን ገጾች ገልጠው አዩ። "እንዲህ ተያይዞ ግን ዲያቆኑ ይሰናከልበታል። ለዪልን ልጄ።"

ለየሁት። ፊደል ከፊደል ተጣብቆ፣ በመካከሉ ነጥብ ማስገባት መከራ ነው። ባንዲት ነጥብ ባንዲት ነጥብ ከእሱ ጋር የቀረኝ ሥራ እያነሰ ሄደ። በፍጥነቴ የምመካው ሴትዮ አንዱን ገጽ ይዤ ዋልሁ። እንደዚያ ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ሳስረክባቸው አባ መጨረሻውን አዩ።

"አራት ነጥቡን ረሳሽው። ዝጊው እንጂ።"

"መዝጊያው የእሳቸው ድርሻ ነው፣ አባ።"

አባም መጽሐፉን በጋቢያቸው ጫፍ ጠቅልለው ወሰዱት።

በተዝካሩ ቀን ያ የሸሸኝ ጎረቤት ሁሉ መጣ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ዲያቆኑ የመጨረሻውን ቃል አነበበና መዝጊያውን ቢያጣው ወደ አባ ቀና አለ። አባ በእጃቸው ይበቃል አሉት። እኔ ደጅ ደጁን አይ ነበር።