ጂንና የአጎቴ ሎሚ

ባለፈው እሁድ ልጄ ደሴ በሚገኘው ቤቷ እንግዶች ጠርታ፣ ጽጌረዳ ተዘፍዝፎበት የከረመ ጂን የሚሉትን የፈረንጅ አረቄ በማርና በሎሚ አዋህዳ ስታቀርብ፣ ሽታው ገና ከበሩ ተቀበለኝ። እንግዶቹ «እማማ፣ ቅመሱ እንጂ» ሲሉኝ ሆዴን አሞኛል ብዬ ወጣሁ። ሆዴን አላመመኝም። ያ ሽታ የመካነ ሰላሙ ቤታችን ሽታ ነው፤ ስጠላው ኖሬአለሁ።

አባቴ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ስለነበር፣ ከደሴ የሚመጣ ሹም ሁሉ የሚያርፈው እኛ ቤት ነበር። እናቴ በልጅነቷ ደሴ በአንድ ባለጸጋ ቤት ስታድግ መጠጥ ማዘጋጀት ተምራ ኖሮ፣ ትልቅ እንግዳ ሲጠበቅ ከግቢያችን ጽጌረዳ ጤዛው ሳይረግፍ ለቅማ፣ አጥባ፣ ጂን ውስጥ ትዘፈዝፈውና አበባው ቀለሙን ለቆ እስኪገረጣ ትጠብቀው ነበር። ከዚያ በንጹሕ ሻሽ አጥልላ፣ ማር በለብታ ውሃ በጥብጣ፣ ሎሚ ጨምቃ፣ ክዳን ባለው ጠርሙስ ደጋግማ ትንጠው ነበር። በረዶ አንፈልግም ነበር፤ የአገራችን ብርድ ጠርሙሱን ደጅ ላስቀመጠ ሰው ይበቃዋል።

ማሩና ሎሚው ከዓባይ ሸለቆ ይመጣ ነበር። እዚያ የሚኖረው የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ ይመር፣ በበጋ ለገበያ በአህያ ጭኖ ሲወጣ እኛ ዘንድ ጎራ ይልና፣ ጭነቱን ገና ሳያራግፍ «አንቺ ደገኛ፣ ሎሚ ዛፍ ላይ እንደሚበቅል ታውቂያለሽ?» እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

አብዮቱ ሊመጣ ጥቂት ሲቀረው በልጉ ከሸፈ፤ ቆላውማ ቀደም ብሎ ደርቆ ነበር። ግንቦት ላይ አጎቴ ያለ አህያው መጣ። አህያዋ ሞታለች። በስልቻ ጥቂት ሎሚ፣ በቅል ትንሽ ማር ይዞ፣ «የመጨረሻው ነው» ብሎ ለእናቴ ሰጣት። የረሃቡን ወሬ የሚያጣሩ ሹማምንት ከደሴ እንደሚመጡ ሰምቶ ነበር።

«እህቴ፣ ባልሽ ይንገርልን። እህል ካልመጣልን ልጆቼ ክረምቱን አይዘልቁም፣ ወላሂ አይዘልቁም» አላት።

«አብሽር ወንድሜ» አለችው። «ደህና አድርጌ ካስተናገድኳቸው ይሰሙናል።»

ሹማምንቱ መጡ። እናቴ የክት ቀሚሷን ለብሳ ጽጌረዳ ጽጌረዳ የሚሸተውን ጂን ቀዳችላቸው። እኔና አጎቴ ጓዳ ሆነን በመጋረጃው ቀዳዳ እናይ ነበር። በእኛ ቤት እንግዳ እየጠጣ ችግር ማውራት ነውር ስለነበር፣ አባቴ ብርጭቆው ባዶ እስኪሆን ይጠብቅ ነበር፤ በጎደለ ቁጥር ግን እናቴ «አፈር ስሆን፣ ይድገሙ» እያለች ትሞላው ነበር።

አለቃቸው አጣጥሞ ቀመሰና «እመቤት፣ እንዲህ ያለ ሎሚ ከየት አገኙ?» አላት።

«ከቆላ ነው ጌታዬ፣ ከወንድሜ ጓሮ» አለች፣ ኩራት ይዟት።

«ማሩስ?»

«ማሩም የእሱ ነው።»

ሰውየው ወደ ጓደኞቹ ዞሮ «ማርና ሎሚ የሞላው ቆላ ነዋ ተራበ የሚሉን!» አለና ሳቀ፤ ሁሉም ሳቁ። እናቴ አፏን ከፈተች። «የመጨረሻው ነው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። የወንድሟን ማጣት በእንግዳ ፊት መግለጥ ግን አልሆነላትም፤ አፏን ዘጋችና ጠርሙሱን አነሳች። አባቴም ዝም አለ። ያን ዝምታውን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

አጎቴ የሰጠነውን ገብስ ተሸክሞ በማለዳ ወረደ። እህል አልመጣለትም። ክረምቱ ሲወጣ ከቆላ የሸሹ ሰዎች፣ ልጆቹን ቀብሮ እሱም ተከትሏቸው እንደሞተ ነገሩን። እናቴ ጽጌረዳውን በመጥረቢያ ከሥሩ ቆረጠችው።

በየካቲት አብዮቱ ፈነዳ፤ ቆየት ብሎም ወጣቶች ቤታችን ገብተው ብርጭቆዎቹን እያነሱ «ሕዝብ ሲያልቅ እዚህ ይጠጣ ነበር!» ብለው እናቴ ላይ ጮኹባት። «አዎ፣ ይጠጣ ነበር» አለቻቸው። ብርጭቆዎቹን ወሰዷቸው፤ በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር ሚስት ስትጠጣባቸው አይቻለሁ።

በዚያ ዘመን እንግዳ ሲመጣ የጎደለን ነገር ሁሉ ጓዳ ይደበቅ ነበር። ዛሬ እኔ ቤት እንግዳ ሲመጣ፣ ገና ሳይቀመጥ፣ ዘይት ካለቀ «ዘይት አልቋል»፣ ዱቄት ካነሰ «ዱቄት አንሷል» እላለሁ። ልጄ ልትጠይቀኝ የመጣች እንደሆነ ወደ ጓዳ ትጎትተኝና «እማዬ፣ በእንግዳ ፊት? አሳፈርሽኝ እኮ!» ትለኛለች።

ትፈር።