ይርጉ ለሀዲጃ ሰርግ የመረጠው መሳያ

አጎቴ ይርጉ በዲላ ገበያ ዳር የክርስቲያን ልኳንዳ ነበረው። ግድግዳው ከኡስማን የሙስሊም ልኳንዳ ጋር አንድ ነው። ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ሲሠሩ አንዱ የሌላውን ሥጋ ቀምሶ፣ የሌላውን ቢላ ተውሶ አያውቅም። ከዚህ በቀር ያልተካፈሉት ነገር አልነበረም። ጣሊያን በገባ ሰሞን አጎቴ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ቡሌ ሲሸሽ፣ ልኳንዳውን ከዘራፊ የጠበቀለት ኡስማን ነው።

በሁለተኛው ዓመት ኡስማን ልጁን ሀዲጃን ለገደቡ አህመድ ሊድር ሆነ። አህመድም ገደብ ከተማ ላይ ልኳንዳ ሊከፍት ተዘጋጅቷል። ይርጉ ስጦታውን ለመወሰን አልተቸገረም።

«መሳያ ድንጋይ እሰጠዋለሁ» አለ።

ሚስቱ ቆንጅት ሳቀች። «ሰው ለሰርግ ድንጋይ ይዞ ይሄዳል? ጣሊያኑ ሱቅ የሚያብረቀርቅ መሳያ አለ፤ እሱን ግዛ።»

«እሱ ቢላ ይበላል። ዓመት ሳይሞላው ቢላው ወስፌ ይሆናል። ሥጋዬን አይበሉልኝ፤ በድንጋዬ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ይሠሩበታል።»

ችግሩ ጥሩ ድንጋይ ማግኘቱ ላይ ነበር። ድሮ ከለገዳራ ወንዝ ዳር ይለቀም ነበር፤ አሁን ጣሊያን ለመንገድ ሥራ እያስፈለጠ ጠጠር አድርጎታል። አጎቴ ሦስት ቀን ሙሉ በየክምሩ ዞረ። ያነሳል፣ በጥፍሩ ይጭራል፣ ውሃ ያፈስበታል። ውሃውን ቶሎ የሚጠጣውን ይጥላል፤ ጨርሶ የማይጠጣውንም ይጥላል። በሦስተኛው ቀን ክንድ የሚያህል አመድማ ድንጋይ አገኘ። ውሃውን ቀስ ብሎ ጠጣ። ይርጉ ደስ ቢለው ከወገቡ ቢላ መዘዘና በአንደኛው ፊቱ ላይ አሥር ጊዜ አመላለሰው። የክንዱን ፀጉር ላጨበት።

ከዚያ እጁ ላይ ያለውን ቢላ አየ። የልኳንዳው ቢላ ነው፤ ጠዋት በሬ የገፈፈበት።

ቤት ገብቶ ለቆንጅት ነገራት።

«እጠበውና ስጥ! ማን አየህ?»

«ኡስማን መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ‹ሞከርከው?› ብሎ ነው። ባለሙያ ሌላ ጥያቄ የለውም። አዎ ብለው ድንጋዩን አይነካውም፤ አልሞከርኩም ብለው ደግሞ ዋሸሁ።»

«ሌላ ፈልጋ።»

«ሰርጉ እኮ ከነገ ወዲያ ነው።»

ድንጋዩን ሲያገላብጥ ጎኑ ላይ እንደ ክር የቀጠነ መስመር አየ። ተነሥቶ በመንገድ ሥራው ድንጋይ ወደሚፈልጠው ወደ ገሪማ ሄደ።

ገሪማ ጆሮውን አስጠግቶ ድንጋዩን በመዶሻ ጫፍ ነካ ነካ አደረገው። «አያ ይርጉ፣ በመስመሩ ከተከፈለልን ሁለት መሳያ ይወጣዋል። ከከዳን ግን ጠጠር ነው፤ የጣሊያን መኪና ይሄድበታል።»

«ምታው።»

«እስቲ ትንሽ አስብበት።»

«አስቤ ነው የመጣሁ። ምታው አልኩህ!»

ገሪማ ሽብልቁን መስመሩ ላይ ደቅኖ ሦስት ጊዜ መታ። ድንጋዩ እንደ ባቄላ ለሁለት ተከፈለ። አጎቴ ቢላው የነካውን ግማሽ ለራሱ አስቀረ፤ ሌላውን በእንሰት ቅጠል ጠቀለለ።

በሰርጉ ቀን ኡስማን ጥቅሉን ፈታ።

«ይርጉ! ድንጋይ ይዘህብን መጣህ? ምን አጠፋን?»

ሰዉ ሳቀ። ኡስማን ግን ድንጋዩን በጥፍሩ ጫር አድርጎ ሳቁን ተወ።

«ሞከርከው?»

«ወንድሙን ሞክሬዋለሁ» አለ ይርጉ። ከዚያም ስሕተቱንም ሳይደብቅ፣ ሁሉንም በሰው ፊት ነገረው።

ኡስማን ወደ ሙሽራው ዞረ። «አህመድ፣ ቢላህን አምጣ» አለ። ሙሽራው ድንጋዩ ላይ ውሃ አፍስሶ ቢላውን ሳለ። አማቱ ቢላውን ተቀብሎ በክንዱ ላይ አሳለፈው፤ ፀጉሩ ረገፈ።

«ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል?» አለ ኡስማን።

«አማችህ ሰነፍ ካልሆነ እኩል ናቸው።»

የሰርጉ በሬ በዚያ ቢላ ታረደ። ለክርስቲያን እንግዶች የተለየውን በግ ያረደው ደግሞ አጎቴ ራሱ ነበር። የራሱን ቢላ ጠዋት ቤት በቀረው ግማሽ ድንጋይ ስሎት መጥቷል።