ምንጩ ዳር ያስተከልኩት ባህር ዛፍ

ባለፈው ሰሞን ከቤታችን ጀርባ ፎቅ የሚያሠራው ጎረቤታችን የውሃ ጉድጓድ ማስቆፈር ጀመረ። ማሽኑ ሦስት ቀን ሙሉ መሬቱን ሲያንቀጠቅጥ፣ ብርጭቆዎቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ሲንጫጩ ሰነበቱ። በሦስተኛው ቀን ከቆፋሪዎቹ አንዱ በአጥሩ በኩል ብቅ ብሎ፣ እዚህ ሰፈር ድሮ ምንጭ ነበር የሚባለው እውነት እንደሆነ ጠየቀኝ። እውነት ነው አልኩት። የት ጋ እንደነበረም በእጄ አሳየሁት። ምን ሆኖ እንደጠፋ ግን አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ልጁ ሥራ ላይ ነው፣ የእኔ ነገር ደግሞ ቆመው የሚሰሙት አይደለም።

ከአየር ጤና ወደ እኛ ሰፈር የሚያመጣው መንገድ ያኔ በክረምት ጫማ የሚያስቀር ጭቃ፣ በበጋ ዱቄት የመሰለ አቧራ ነበር። ምንጩ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ሥር ይፈልቃል። ውሃው መጀመሪያ የመጠጥ ገንዳዋን ይሞላል፣ ከዚያ በቦይ ወደ ጋሽ ዳና የአትክልት ቦታ ይገባል፣ የተረፈው ታች ወርዶ ልብስ ይታጠብበታል። ይህን ተራ ማንም አይደፍረውም። ከመጠጡ በላይ ልብስ ነክሮ የተገኘ ሰው እናቶቻችን የሰባት ትውልድ ዘሩን ቆጥረው ይሰጡታል። በየዓመቱ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ደግሞ ሰፈሩ ዶማና አካፋውን ይዞ ይወጣና ደለሉን ይጠርጋል። ጠረጋውን የሚመሩት ጋሽ ዳና ነበሩ።

ጋሽ ዳና ከጋሞ ደጋ በልጅነታቸው የመጡ ሰው ናቸው። አብሮ አደጎቻቸው ሸማ ሲሠሩ እሳቸው አፈር መረጡ። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቀይ ሥርና ካሮት ያበቅሉ ነበር፤ ገበያ ላይ ሴቶች «የዳና ነው?» ብለው ሳይጠይቁ ጎመን አይገዙም። ልጅ ሆኜ በዚያ ሳልፍ ካሮት ነቅለው ቦዩ ውስጥ አለቅልቀው ይሰጡኝ ነበር። ጥርስ የሚጠዘጥዘው ቅዝቃዜውና ጣፋጭነቱ ዛሬም አፌ ላይ አለ። ከዚያ ወዲህ ያንን የመሰለ ካሮት በልቼ አላውቅም፤ ምናልባት እርጅና ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ በቀበሌያችን የወጣቶች ማኅበር ውስጥ የችግኝ ተከላ ኃላፊ ሆንኩ። ዘመኑ የደርግ ነው፣ ሁሉም ነገር ዘመቻ ነው። እኔም መፈክር ማሰማት የምወድ፣ ድምፅ ማጉያ ከያዝኩ የማልለቅ ሴት ነበርኩ። በዚያ ክረምት የመጣልን ባህር ዛፍ ራቁቱን ለቀረው ኮረብታ ነበር የታሰበው። ችግር ነበረው። ሪፖርት ላይ የሚፈለገው ስንት ተተከለ ብቻ ሳይሆን ስንት ጸደቀ የሚለው ነው፤ ኮረብታው ላይ በበጋ ውሃ ተሸክሞ የሚወጣ ሰው የለም። ስለዚህ ችግኙ በምንጩ ዙሪያ ይተከል የሚል ሐሳብ አቀረብኩ። የቀበሌው ሊቀመንበር ወዲያው ተቀበለው። ሐሳቡ የእኔ ነው፣ ከማንም ጋር አልካፈለውም።

በተከላው ቀን ሐምሌ ዝናቡን እያወረደ፣ እኛ ፕላስቲክ ለብሰን እየዘፈንን ስንቆፍር ጋሽ ዳና መኮትኮቻቸውን በብብታቸው ይዘው መጡ። ለብቻዬ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ባህር ዛፍ እኮ ውሃ ይመጥጣል። እዚህ ከተከላችሁት ምንጩ አይቆይም። ወደ ኮረብታው ውሰዱት፣ እኔም መጥቼ እቆፍርላችኋለሁ።»

«ጋሼ፣ ይሄ በባለሙያ የተጠና ነው» አልኳቸው።

ባለሙያ የሚባል ሰው በዚያ በኩል አልፎ አያውቅም። ጓደኞቼ ሰምተው ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። ጋሽ ዳና ትንሽ አዩኝና ወደ ጎመናቸው ተመለሱ። ያንን ሳቅ ባስታወስኩት ቁጥር አፍራለሁ።

ታኅሣሥ ሲገባ ሲዘፍን የነበረው ወጣት ሁሉ የለም። ምንጩ ቅርብ ቢሆንም ችግኙ ያለው ከፍ ብሎ ደረቁ ዳገት ላይ ነው፤ ሥሩ ገና ውሃው ጋ አልደረሰም። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይንጠባጠብ ጀመር። ሊቀመንበሩ ቢሮ አስጠራኝ። ከቀበሌው በላይ ካለው ጽሕፈት ቤት፣ ከከፍተኛው የሚመጡ ጓዶች ተከላውን ሊያዩ እንደሆነ ነገረኝና፣ የደረቀ ካገኙ ነገሩ ቸልተኝነት ሳይሆን አሻጥር እንደሚባል ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ያኔ ይህ ቃል ምን እንደሚያስከትል የማያውቅ ቤት አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ ከእስር ከተፈታ ገና ዓመት አልሞላውም። እናቴ የተባልኩትን ስትሰማ የያዘችውን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሰች። ሁለታችን በባልዲ ሦስት ቀን አጠጣን፤ ከዳገቱ ሩቡን እንኳ አላዳረስነውም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጋሽ ዳና ቤት ሄድኩ። ቅቅል ድንች ዳጣ በሚባለው የሚያቃጥል የቃሪያ ማባያ እየበሉ ነበር። ሳልበላ እንዳልናገር አስቀምጠው አጎረሱኝ፤ ዳጣው ዓይኔን አስለቀሰው፣ ለእኔ ግን ለማልቀስ ጥሩ ሰበብ ሆነኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። ችግኞቹ እንዳይሞቱብኝ፣ እንዲያጠጡልኝ ለመንኳቸው። አንድ ድንች አንሥተው መላጥ ጀመሩ።

«ካደጉ ምንጩን እንደሚጨርሱት ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«እኔም አውቃለሁ» አሉ። የያዙትን ድንች ልጠው ጨረሱና፣ «ወንድምሽ ከወጣ ወዲህ እናትሽ ፊቷ ተመልሶላት ነበር» ብለው ተነሡ። የዘይት ቆርቆሮ በስተው የሠሩትን ማጠጫ አነሡ።

ያን በጋ በየማለዳው ከራሳቸው ጎመን በፊት ባህር ዛፉን አጠጡ። እኔም እቀዳላቸው ነበር፣ ግን እንደ እሳቸው እጅ አይሆንም። እያንዳንዱን ችግኝ ዙሪያውን ኮትኩተው፣ አፈሩን እንደ ሕፃን አልጋ አለሳልሰው ነው ውሃ የሚያፈሱለት። ምንጩን የሚጨርስ ዛፍ መሆኑን ረስተውት አይደለም። ጎመናቸው በዚያ ዓመት ጠወለገ። ጓዶቹ ሲመጡ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነበር። እኔ ስለ ተፈጥሮ ሀብት ረዥም ንግግር አደረግኩ፣ ማኅተም ያለበት የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ፤ ጋሽ ዳና ከሕዝቡ ኋላ ቆመው አጨበጨቡ።

ዛፎቹ አደጉ። ነፋስ ሲነካቸው ሽታቸው ጉንፋን የሚያስለቅቅ፣ ለዓይን ያማሩ ነበሩ። ከሥራቸው ግን ሣር አልበቅል አለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መጀመሪያ የታችኛው ልብስ ማጠቢያ ደረቀ፣ ከዚያ የጋሽ ዳና ቦይ። በመጨረሻ ገንዳዋ ውስጥ ጣሳ የማይሞላ እርጥበት ብቻ ቀረ። መስቀል አልፎ የሚጠረግ ነገር የሌለበት ዓመትም መጣ፤ እኔ ያኔ በመምህርነት ተመድቤ ክፍለ ሀገር ነበርኩና እናቴ በደብዳቤ ጻፈችልኝ። ጋሽ ዳና የመጋዘን ዘበኛ ሆኑ። ለዕረፍት ስመጣ መንገድ ላይ ስንገናኝ ስለ ጤናዬና ስለ እናቴ ይጠይቁኛል፤ ስለ ውሃው አንድም ቀን አንሥተውብኝ አያውቁም። እኔም ዛፉ ይቆረጥ ብዬ ለማንም አላመለከትኩም።

ሠላሳ ዓመት ያህል ባዮሎጂ አስተማርኩ። ዛፍ መሬትን እንዴት እንደሚጠብቅ፣ የትኛው ዛፍ የት እንደማይተከል ጭምር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስረድቻለሁ። የዚያ ዘመን ጥፋት ሲነሣ እኩዮቼ «ያኔ ማን ያውቅ ነበር» ይላሉ። ምነው እኔም እንዲህ ማለት በቻልኩ። ጋሽ ዳና በዝናብ ቆመው ነግረውኛል፣ እኔም ድንቻቸውን እየበላሁ አውቃለሁ ብያለሁ። አገር የሚጎዳው ክፉ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሪፖርት የፈራ ሰውም ይበቃል፤ በተለይ የእሱን ፍርሃት የሚሸከምለት ደግ ጎረቤት ካገኘ።

አምና አንድ ለቅሶ ቤት ከጋሽ ዳና ልጅ ከአልማዝ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጥን። አባቷ ካረፉ ቆይተዋል። ድንኳኑ ጭር ሲል ሁሉንም ነገርኳት፤ ሐሳቡ የእኔ እንደነበር፣ ባለሙያ ብዬ እንደዋሸሁ፣ ምን እንደለመንኳቸው። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«አባባ እስኪሞት ድረስ በዚያ ባለፈ ቁጥር ዛፎቹን ቀና ብሎ ያይና ‹ያቺ ልጅ ተረፈች› ይል ነበር» አለችኝ። «ማንን እንደሆነ ብንጠይቀው አልነገረንም።»

ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ትከሻዬን ያዘችኝ። እኔ ግን ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።