ከሁለተኛው ብርጭቆ በኋላ

ከመጠጥ ሱስ ሕክምና ከወጣሁ አምስተኛ ወር ሆኖኝ ነበር። ሐኪሙ ጨርሼ ብተወው እንደሚሻል ነግሮኛል። ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም ጊዜ ተመልሼ ስገባበት ግን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ፣ ከሁለት ብርጭቆ ቢራ እንዳላልፍ ተስማማን። ጂን በፍጹም። ይህን ከባለቤቴና ከእህቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በቤተ ክርስቲያናችን መጠጥ የሚቀምስ ሰው ስሙ በሹክሹክታ ነው የሚነሳው፤ ሴት ስትሆን ደግሞ ጭራሽ። እኔ መዘምራን ውስጥ እያለሁ ጂኑን በውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድቼ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነበር ቢሮ የምውለው።

የዚያን ቅዳሜ የሥራ ባልደረባችንን ለመሸኘት ከተማችን ሐይቅ ዳር ምሳ ተጋበዝን። የመጀመሪያውን ቢራ ቀስ ብዬ ጠጣሁ፣ ሁለተኛውንም። ያኔ መነሳት ነበረብኝ፤ አልተነሳሁም። አለቃችን ጠርሙሱን አንስቶ፣ "ዛሬ ምን ነካሽ? ጨዋታው ገና ነው" እያለ ብርጭቆዬን ሞላው። ዝቅ ብዬ ሳይ እጄ ብርጭቆውን ይዞታል። መቼ እንደያዝኩት አላውቅም። "ልጄን አሟት ተደወለልኝ" ብዬ ዋሸሁና ወጣሁ።

ቤቴ ታቦር ሰፈር ነው። ባጃጅ ያዝኩ። መሃል ከተማ ስንደርስ ግን "ወራጅ አለ" የሚል የራሴን ድምፅ ሰማሁ። ባጃጁ ጥሎኝ ሲሄድ የቆምኩት ጂን እገዛበት የነበረው ግሮሰሪ በር ላይ ነበር።

የግሮሰሪው ባለቤት በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። "ጠፋሽ እኮ ልጄ፤ አገር የለቀቅሽ መስሎኝ ነበር" አሉኝ። እያወሩኝ ሳይጠይቁኝ ትንሿን ጠርሙስ ከመደርደሪያ አውርደው በጥቁር ፌስታል ጠቀለሏት። "አልፈልግም" ማለት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው "ይቆይልኝ እትዬ" ነው። ከጠርሙሱ ይልቅ ይህ አባባሌ አስደነገጠኝ።

ወደ ደጅ አፈግፍጌ እህቴ ጋ ደወልኩ።

"የት ነሽ?"

"ግሮሰሪው በር ላይ።"

"ገዛሽ?"

"አልገዛሁም። ቶሎ ካልመጣሽ ግን እገዛለሁ።"

"ስልኩን እንዳትዘጊው። የምታዪውን ሁሉ ንገሪኝ።"

ነገርኳት። ሎተሪ አዟሪ፣ ጃንጥላ የያዙ ሁለት ተማሪዎች፣ መንገድ መሃል የቆመ ፍየል። ከኋላዬ ሴትዮዋ፣ "አትወስጂም እንዴ?" ሲሉ ሳልዞር ግድግዳውን ተደገፍኩ። እህቴ ጸጉር ቤት አላት። የደንበኛዋን ጸጉር ግማሹን ሠርታ ትታ፣ በቅባት እጇ መጣች። አልተቆጣችኝም። ክንዴን ይዛ ቤቴ ድረስ በእግር ወሰደችኝ።

ባለቤቴ በር ላይ ጠበቀን። ጠጋ ብሎ አፌን አሸተተኝ፤ ወዲያው ራሱ አፈረ።

"ሁለት ነው የጠጣሁት" አልኩት። "ሦስተኛውን ግን ይዤው ነበር።"

"እኔም እኮ እፈራለሁ" አለኝ ቀስ ብሎ። ይህን ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሰኞ ለሐኪሙ አንድም ሳልደብቅ ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ ግብዣ ላይ አልጠጣም፤ ስጠጣም ቤቴ፣ እህቴ ባለችበት፣ አንድ ብቻ ነው። በዚያ ግሮሰሪ በኩልም አላልፍም። እንዲያም ሆኖ ቅዳሜ ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የማስበው ብርጭቆውን ነው። ያለፈውን ቅዳሜ ምንም ሳልቀምስ ዋልኩ። የዚህን ሳምንት አላውቅም።